አንድ ግራ ጥምዝ ለከሚሴ

ከሚሴ የገባ ሰው ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ አንድ ሥዕል ያያል። እንደ ገመድ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ በመሃላቸው አጫጭር ቀለማም ዘንጎች ተረብርበዋል። የደም ምርመራ ቤቱ በር ላይ አለ። መድኃኒት ቤቶቹ ላይ አለ። ጥርስ የሚነቅለው ሰው ዘንድም አለ። የምርጥ ዘር መሸጫው ላይ መኖሩ በግድም ቢሆን ይገባል። ጭማቂ ቤቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን የጭማቂ ቤቱ ባለቤትም አያውቅም። ሲጠየቅ፣ "በሩ ራቁቱን ሆነብኝ፤ የሆነ ነገር ጣል አርግበት አልኩት" ይላል።

ሥዕሉ ዲኤንኤ ይባላል። በሰውም፣ በከብትም፣ በማሽላም፣ ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ረጅም ክር ነው፤ ልጅ አባቱን የሚመስለው በእሱ ነው። ይህን የሚያውቅ ከሚሴ ውስጥ ሞልቷል። በየበሩ የሳለው ሰው ግን አያውቅም ነበር። ማወቅም አልፈለገም።

ያ ሰው ቃሲም ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ፣ ራሱን "አርቲስት" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። "ቀለም ቀቢ" ብሎ የጠራው ሰው ሰላምታ አያገኝም። አንድ የወረዳ ሹም እንዲህ ብሎ ጠርቶት ለቢሮው የጻፈለት ሰሌዳ ላይ የሹሙ ስም ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ አንሶ ተገኝቷል። "ቦታ አነሰኝ" ነበር ያለው ቃሲም።

ሙያውን የተማረው ኮምቦልቻ ውስጥ የጭነት መኪና ከሚያሳምር ሰው ነው። ሰውዬው ካስተማረው ሁሉ አንዱን ሕግ ቃሲም እንደ ሃይማኖት ያዘው። መኪና ወደ ፊት ነው የሚሄደው። በአንደኛው በር ላይ ያለው አንበሳ ወደ ፊት ከሮጠ በሌላኛውም በር ላይ ያለው ወደ ፊት መሮጥ አለበት። ወደ ኋላ የሚሮጥ አንበሳ ያለበት መኪና ገደል ይገባል፤ ባይገባም ሾፌሩ ሠዓሊውን ገደል የገባ ያህል ይሰድበዋል። ስለዚህ ቅርጹ ለአንደኛው በር ከተሳለ በኋላ ለሌላኛው ተገልብጦ ይሳላል። ቃሲም ከመኪና ወደ ሱቅና ወደ ግቢ በር ሲሸጋገር ሕጉን ይዞ ተሸጋገረ። የግቢ በር እንደማይሄድ የነገረው አልነበረም።

ዲኤንኤውን ያገኘው ከዓፊያ ነው። ዓፊያ ደሴ ተምራ፣ ተቀጥራ፣ መቀጠር ሲሰለቻት ከሚሴ ተመልሳ በራሷ ስም የደም ምርመራ ቤት የከፈተች ሴት ናት። ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሥዕሉን አሳየችውና፣ "ይሄን በሩ ላይ አርግልኝ" አለችው። ቃሲም የማን ደረት እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ የራጅ ፊልም አነጠፈ፤ ቅርጹን በምላጭ እየቆረጠ አወጣ። ፊልሙን በበሩ ግራ ክንፍ ላይ ለጥፎ በላዩ ቀለም ቀባ። ከዚያ ገልብጦ በቀኙ ክንፍ ላይ ደገመው። ሁለቱ ጥምዞች እንደ ሁለት አንበሳ ፊት ለፊት ተያዩ። ዓፊያ ወጥታ አየችና፣ "ወላሂ አማረ" አለች። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ "ለእኔም" አለ። አንድ ክንፍ ብቻ ባላቸው በሮች ላይ ቃሲም የፊልሙን የደረቀ ገጽ ይለጥፋል፤ የትኛው ገጽ እንደሚደርቅ ደግሞ የፀሐይ ጉዳይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የከሚሴ ዲኤንኤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ሲዞር ዓመታት አለፉ። ማንም በዚህ አልታመመም።

በእነዚያ ዓመታት ቃሲም ሌላውን ሥራ ሁሉ አጣ። ከደሴ በላስቲክ ላይ የታተመ ባነር መጣ። መጀመሪያ ሆቴሎቹን ወሰደ፤ ቀጥሎ ሥጋ ቤቶቹን፣ ከዚያ የስልክ ሱቆቹን። ጭነት መኪኖቹም ከፋብሪካ የወጣ ተለጣፊ አገኙ። ለቃሲም የቀሩት የጤናና የመድኃኒት በሮች ብቻ ነበሩ። እነሱም የቀሩት የከሚሴ ፀሐይ ባነርን ባንድ በጋ ስለምታነጣው፣ የቃሲም ቀለም ግን በቆርቆሮ ላይ እንደ ቁርበት ስለሚጸና ነው። እነዚህ በሮች ከሄዱ ብሩሹን ይዞ የሚቆምበት ሌላ በር አልነበረውም።

አብዱልፈታህ የመጣው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

የከሚሴ ልጅ ነው፤ ባዮሎጂ ያስተምራል። ለሁለተኛ ዲግሪ ሄዶ ሲመለስ ሻንጣው እንደ ሄደበት ሆኖ ተመለሰ፤ ስልኩ ግን በመጽሐፍና በጥናት ተጨናንቋል። በተመለሰ በማግስቱ በዓፊያ በር ሲያልፍ ቆመ። የቀኝ እጁን አውራ ጣት ወደ ላይ አቁሞ፣ ሌሎቹን ጣቶች አጥፎ፣ አንዴ ጣቱን አንዴ በሩን አየ። አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

"ቲቸር፣ ወዴት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"የትም አይደለም። ዲኤንኤው ወዴት እንደሚዞር እያየሁ ነው።"

"የዲኤንኤ መንገድ አላውቅም" አለና ባጃጁ ሄደ።

አብዱልፈታህ ዓፊያን አስጠራት። የዲኤንኤ ጥምዝ ወደ ቀኝ እንደሚዞር አስረዳት፤ በፊት ለፊት የሚታየው ክር ከታች ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቀኝ መውጣት አለበት። በግራው ክንፍ ላይ ያለው ልክ ነው። በቀኙ ክንፍ ላይ ያለው ግን ተገልብጧል።

"እና ምን ይሆናል?" አለች ዓፊያ።

"በሩ ላይ የተሳሳተ ሰው ውስጥ አይሳሳትም ብሎ ደሙን የሚሰጥሽ ማነው?"

ዓፊያ ይህን ሰምታ ደነገጠች። አብዱልፈታህ ግን በመደንገጧ አልረካም። ከተማውን ዞሮ በሮቹን ሁሉ ፎቶ አነሣ፤ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ወደሚከታተሉት የቴሌግራም ገጽ ላከው። "የከተማችን በሮች ይዋሻሉ" የሚል ርዕስ ሰጠው። ከሥሩም፣ የመሃሉን ዘንጎች የሚሠሩት ፊደላት አራት መሆናቸውን፣ ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ብቻ እንደሚያያዝ ገለጸና፣ "ሠዓሊው ግን ቀይን ከቀይ፣ ቢጫን ከቢጫ ጋር አጋብቷል" ብሎ ጨመረ። ቃሲም ቀለሞቹን ያጋባው የትኛው ቆርቆሮ ውስጥ ምን ያህል ቀለም እንደተረፈ አይቶ ነበር።

ከተማው ሳቀ። የበሮቹ ባለቤቶች አልሳቁም። ጥርስ ነቃዩ ለደሴው ማተሚያ ቤት ደወለ። መድኃኒት ቤቶቹም እየተደዋወሉ "አብረን ብናዝዝ ይሻላል" ተባባሉ። ቃሲም ወሬውን የሰማው ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ነው፤ ጭማቂውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ቀጥታ ወደ አባ ሙህዲን ሄደ።

አባ ሙህዲን የዱሮ የእህል ነጋዴ ናቸው። ልጆቻቸው ንግዱን ከተረከቡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በእህል መጋዘናቸው ፊተኛ ክፍል ከሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ጫት እየቃሙ ሰው ያስታርቃሉ። የወሰን ጠብ፣ የፍቺ ጠብ፣ የበሬ ጠብ ዳኝተዋል። የዲኤንኤ ጠብ መጥቶባቸው አያውቅም።

"አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ገባ ቃሲም።

"ነጋ፣ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ምን ሆነሃል፣ ፊትህ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ሆኗል?"

"አባ፣ ቲቸሩ ስሜን በስልክ አጠፋብኝ።"

በማግስቱ አብዱልፈታህ ተጠርቶ መጣ። የበሮቹ ባለቤቶችም መጥተው በማሽላው ጆንያ ላይ ተደረደሩ። አብዱልፈታህ ጣቱን አቁሞ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አስረዳ። ሽማግሌዎቹም ጣታቸውን አቁመው እያጠፉ ሞከሩት። አንደኛው የግራ እጁን በመጠቀሙ ለጥቂት ጊዜ ክርክር ተነሣ።

"ታዲያ እኔ የተናገርኩት ሳይንስ ነው እንጂ ስድብ አይደለም" ብሎ ጨረሰ አብዱልፈታህ።

"ሳይንስ ስድብ አይሆንም ያለህ ማነው?" አሉ አባ ሙህዲን። "አጎትህ መላጣ ነው። ሳይንስ ነው። ሠርግ ላይ ተነሥተህ ትናገረዋለህ?"

ሰው ሳቀ። አባ ሙህዲን ጫታቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩን እናሳጥረው። አንተ የተማርክ ነህ፤ ሶላትህንም እንደማታጓድል እናውቃለን። እንግዲህ ማል። 'ወላሂ፣ አላህ በፈጠረው ፍጥረት ውስጥ ወደ ግራ የሚዞር ዲኤንኤ የለም' በል። ካልክ ቃሲም ዛሬውኑ ብሩሹን ይሰብራል፤ በሮቹም ባነር ይልበሱ።"

ቃሲም ወደ መሬት አየ። አብዱልፈታህ አፉን ከፈተ።

"በአብዛኛው..." አለ።

"በአብዛኛው ተብሎ አይማልም። 'ወላሂ በአብዛኛው አልሰረቅኩም' ያለ ሌባ ሰምተህ ታውቃለህ?"

አብዱልፈታህ ላቡን ጠረገ። ፈተና ላይ የማይጠየቅ፣ ክፍል ውስጥ የማይነሣ፣ እሱ ግን ያነበበው ነገር ነበር። ቢደብቀው የሚያውቅበት ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መሐላው ግን ለእነሱ አይደለም።

"አለ" አለ። "ወደ ግራ የሚዞር አለ። ዜድ ይባላል።"

ማሽላው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተንቀሳቀሱ።

"ግን እንደዚህ አይደለም" አለ ቸኩሎ። "ክሩ እየተሰበረ፣ እየተቆለመመ ነው የሚወጣው። የሚሆነውም ጂና ሲ እየተፈራረቁ ሲደረደሩ፣ ወይ ክሩ ሲወጠር ነው። በብልቃጥ ውስጥ ደግሞ ጨው ሲበዛበት።"

"ቀይ ከቀይ የሚለውስ?" አለ ቃሲም ከወደ መሬት ቀና ብሎ። "እሱንም ይማልልን።"

"ሕጉ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ነው።"

"ወላሂ በላ።"

አብዱልፈታህ ለመምህር በማይገባ ድምፅ ተነፈሰ። "አንዳንዴ ኤው ቦታው ላይ እንዳለ ይገለበጥና ቲን በሌላ ጎኑ ይይዘዋል። ያው እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ አያያዛቸው ግን ሌላ ነው። ወዲያው ደግሞ ይመለሳል።"

"እንደ ባልና ሚስት ነዋ" አለ አንደኛው ሽማግሌ። "ጀርባ ሰጥቶ መተኛት አለ። ፍቺ ግን አይደለም።"

"ጂስ?" አሉ አባ ሙህዲን።

"ጂ የክሩ ጫፍ አካባቢ አንዳንዴ አራት ይሆንና እርስ በርሱ ይያያዛል።"

"ጂ ከጂ?"

"ጂ ከጂ።"

ቃሲም ጭኑን መታ። "ቀይ ከቀይ" አለ፤ ማንንም ሳያይ።

"እና ይህን ሁሉ በሆድህ ይዘህ ነው ሰውየውን ስልክ ላይ የሰቀልከው?" አሉ አባ ሙህዲን።

"አባ፣ ጥቂት ነው እኮ። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ብዙው ቀኝ ነው፤ ብዙው እንደ ሕጉ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ጉዳዩ ከወሰን ጠብ የሚለይበት ነገር አልታያቸውም፤ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እውነት ይዟል፣ ስለዚህ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያገኛል። አባ ሙህዲን ፍርዱን ተናገሩ።

"ፎቶው ከስልክ ይውረድ። የሰው ዲኤንኤ ብዙው ቀኝ ከሆነ የከሚሴም ብዙው ቀኝ ይሁን። ቃሲም የተገለበጡትን ያለ ክፍያ ያቀናል። ፍጥረት ውስጥ ጥቂት ግራ ካለ ግን ከሚሴም ግራዋን አትነፈግም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ አንድ ይበቃታል። ከአንድ በላይ ግራ የሳለ ከዱዓችን ይውጣ።"

እጆች ተዘረጉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ "አሚን" ተባለ። በዓለም ላይ በዱዓ የታሰረ የዲኤንኤ ድርሻ ያላት ከተማ ከሚሴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ሳይንስ ለብዙ ዓመት በማይክሮስኮፕ ሲለካ የኖረውን እኛ ባንድ ከሰዓት ጨረስነው።

አሁን የቀረው ግራው የት በር ላይ እንደሚሆን መወሰን ነበር። የበሮቹ ባለቤቶች ዓፊያ ግቢ ተሰበሰቡ። ሁሉም ለሌላው ቸር ሆነ። ጥርስ ነቃዩ ለመድኃኒት ቤቶቹ ለቀቀ፤ መድኃኒት ቤቶቹ ለምርጥ ዘሩ ለቀቁ። ዓፊያ፣ "የሰው ደም በእጄ ላይ ሆኖ እኔ ግራ አልሆንም" አለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዘወር ብለው ጀይሉን አዩት።

ጀይሉ በሰንበቴ መውጫ በኩል የከብት መድኃኒት ይሸጣል። ዝምተኛ ነው፤ ዝም ባለ ቁጥር ሰው የማይረባ ዕቃ ያሸክመዋል።

"ለእኔ ይሁን" አለ። "ላሞች አያነቡም።"

ቃሲም በተሰበረ ልብ ሥራውን ጀመረ። የራሱን ሥዕል በራሱ ብሩሽ እያጠፋ በር ለበር ዞረ። ክንፎቹ እንዳይተያዩ ሆነው ሲሣሉ እንደ ተኳረፉ ሰዎች መስለው ታዩት፤ ዓፊያ በር ላይ ሲሠራ ቆርቆሮውን እያየ፣ "ይቅር በለኝ" ሲለው ሰምተናል። የጀይሉ ተራ ሲደርስ አብዱልፈታህ ከየት መጣ ሳይባል መጣ።

"ግራ ከሆነ ዜድ ነው፤ ዜድ ከሆነ ክሩ መሰበር አለበት። ዝም ብሎ የተገለበጠ ቀኝ አይደለም።"

"እንዴት ነው የሚሰበረው?"

አብዱልፈታህ በአፈሩ ላይ በእንጨት አሳየው። ቃሲም ያንን የተቆለመመ ነገር በጀይሉ በር ላይ ሲስል እጁ አልታዘዘውም። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየና ተፋ። መኪና የሄደበት እባብ ይመስላል።

ይህን ያየ አንድ እሱ ብቻ አልነበረም። ሰንበቴ ገበያ ከብትና ግመል ይዘው የሚወጡት የአፋር ነጋዴዎች ሰሌዳ ባያነቡም ምልክት ያነባሉ፤ ከብታቸውን በጆሮው ላይ ባለ ቁርጥና በታፋው ላይ ባለ የጋለ ብረት ተኩስ ከሺህ መካከል የሚለዩ ሰዎች ናቸው። ዱሮ የከሚሴ በሮች ሁሉ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲጠማዘዝባቸው አንዱንም አይዙትም ነበር። አሁን በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው አንደኛው ብቻ ተለየ። አንዱ ለሌላው፣ "የተሰበረው እባብ ያለበት ቤት ግባ" ይለዋል። ጀይሉ ጋ የሚገባው ሰው በዛ። የአንዱ ግመል ዳነችና ያዳናት እባቡ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ የጨፋ ሜዳ ገበሬም ወረፋ ያዘ። ጀይሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ሰው ቀጠረ፤ የቀጠረው የሚያወራ ሰው ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንደኛው መድኃኒት ቤት ቃሲምን ወደ ጓዳ ጠራው።

"አያ ቃሲም፣ ለእኔም ትንሽ ግራ አርግልኝ።"

"አልችልም።"

"የማትችለው ምንድነው? ለመሳል የሚያስችል እጅ አለህ።"

"ዱዓ አለበት።"

ጥርስ ነቃዩ መጣ። ምርጥ ዘሩ መጣ። ሁሉም ግራ ይፈልጋል፤ አንዱም በቀኙ አልጸና። ቃሲም በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ተፈልጎ አያውቅም፤ እንደዚያን ጊዜም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በመላው ወሎ ግራ ዲኤንኤ እንዳይስል የተከለከለ አንድ ሰው አለ፤ ያም ግራ ዲኤንኤ መሳል የሚችለው ሰው ነው።

"እንግዲያው" አለ ጥርስ ነቃዩ፣ "የደሴው ማተሚያ ቤት ዱዓ አላደረገም።"

መጀመሪያ ባነር የሰቀለው ግን ጭማቂ ቤቱ ነው። የጀይሉን በር በስልክ አንስቶ ልኮ አሳተመው፤ ከነቆርቆሮው ዝገት ታትሞ መጣ። ቀጥሎ ጥርስ ነቃዩ ሰቀለ። ቃሲም የገዛ ሥዕሉ ላስቲክ ለብሶ ከአውቶቡሱ ላይ ሲወርድ ቆሞ አየ። ወደ አባ ሙህዲን ተመልሶ ሄደ።

"አባ፣ ፍርዱን አንሡልኝ። በሮቹ እየሄዱብኝ ነው።"

አባ ሙህዲን አዘኑ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዱዓ የታሰረበት ነገር በልቅሶ አይፈታም። በምስክር የታሰረ በምስክር ነው የሚፈታው። ልጁ ጥቂት ነው ብሎ መሰከረ፤ አንድ አልን። በዝቷል ብሎ ይመስክር፤ እንጨምራለን።"

ቃሲም አብዱልፈታህን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። ተማሪዎች እያለፉ ነበርና ራቅ ብለው ቆሙ።

"በዝቷል በልልኝ" አለ ቃሲም።

"አያ ቃሲም፣ ሳይንስ እንደ ቲማቲም ወቅት ጠብቆ አይበዛም።"

"ጨው ሲበዛ ይበዛል አላልክም? እኛ ደግሞ ከአፋር ጨው ደጃፍ ላይ ነን።"

"ወጥ ውስጥ የሚገባ ጨው አይደለም እኮ። በብልቃጥ ውስጥ ነው ያልኩት።"

"ብልቃጥ እኔ ምን አውቄ።" ቃሲም ጥፍሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ ቀለም በአውራ ጣቱ ፋቀ፤ አልለቀቀውም። "ስማኝ። አንተ ነገ ይሄ ሁሉ ውሸት ነው ቢሉህ ሌላ መጽሐፍ ታነባለህ። እኔ ከእነዚህ በሮች ሌላ የለኝም። ከሥዕሉ በላይ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ እሱንም አለማወቄን አንተ ነግረኸኛል። ቢያንስ ይሳልልኝ።"

አብዱልፈታህ ወደ ክፍል ገባ። ቃሲም አይመጣም ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የቀጠሩት ቀን ሲደርስ ግን መምህሩ መጥቶ ማሽላው ላይ ተቀመጠ። ባለ በሮቹም ሁሉ ነበሩ፤ ጀይሉ ብቻ ገበያ ስለበዛበት ቀረ።

"ተናገር ልጄ" አሉ አባ ሙህዲን። "ዱጋውን፣ እውነቱን።"

"ግራው በዝቷል ብዬ አልምልም" አለ አብዱልፈታህ።

ቃሲም ዓይኑን ጨፈነ።

"አልበዛም ብዬም አልምልም። በከሚሴ ሰው ውስጥ ስንት ግራ እንዳለ የቆጠረ የለም። ባለፈው 'ጥቂት' ያልኩት ሌላ ቦታ የተቆጠረውን ነው። ወላሂ፣ የእናንተን አላውቅም።"

ክፍሉ ውስጥ አንዳንዱ ሰው ወደ ገዛ ደረቱ አየ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተንሾካሾኩ። አባ ሙህዲን ለመናገር ሲዘጋጁ እንደሚያደርጉት ጫቱን ከጉንጫቸው አራገፉ።

"ያልተቆጠረ ነገር ላይ ድርሻ አይመደብም። ቃሲም እንደ ባለበሩ ፈቃድ ይሣል። አንተ ግን ልጄ፣ ሳትቆጥር 'ጥቂት' ብለህ ሰው አስርበሃል። በመጀመሪያው በር ላይ ሲሠራ መሰላሉን ትይዝለታለህ።"

አብዱልፈታህ ተቃወመ ማለት አይቻልም። ባነር የሰቀሉት ሰቀሉ፤ የምታነጣውን ፀሐይ እየጠበቁ ነው። ያልሰቀሉት ግን ቃሲምን ያዙት፤ ሁሉንም ቀድማ የያዘችው ዓፊያ ናት። በማግስቱ ጠዋት ቃሲም መሰላሉን በዓፊያ ደጅ ባለው የቦይ ክዳን ላይ አቆመ። አብዱልፈታህ፣ የክፍል ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። የሚያልፉ ተማሪዎች ሰላም ይሉታል፤ እሱም እጁ ስለተያዘ በአገጩ ይመልሳል። ዓፊያ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

"ቃሲም፣ ቆይ። ሳትጀምር።"

"ግራ ነው አይደል የምትፈልጊው? አብሽሪ፣ ይደርሳል።"

"ግራውንማ ጀይሉ ወሰደው። ባነሩንም እነ ጭማቂ ሰቀሉት። እኔ ከእነሱ በምን ልለይ ነው?" ዓፊያ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ በሩን አየች። "ሁለት ክርማ ሁሉም ሰው አለው። ለእኔ ሦስት አርግልኝ።"

ቃሲም ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል ወደ አብዱልፈታህ አየ። ዓፊያም አየች። ከመንገዱ ማዶ ባለመድኃኒት ቤቱና ባለምርጥ ዘሩ ወሬያቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቀኑ።

"ቲቸር" አለች ዓፊያ፣ "ሦስት ክር ያለው አለ?"

አብዱልፈታህ ያውቃል። ሦስተኛ ክር ከጎን ገብቶ በሁለቱ ላይ የሚጠመጠምበት ጊዜ እንዳለ ተማሪ ሳለ አንብቧል፤ ተፈትኖበታልም። አለ ቢል ሰኞ ከሚሴ በሙሉ ሦስት ክር ትሆናለች። የለም ቢል ደግሞ ወላሂ በል ይሉታል። መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"እኔ መሰላል ነው የያዝኩት" አለ።

"ሰማሽው?" አለ ቃሲም ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ እየነከረ። "የለም አላለም።"